ተመላልሶ ስለሚመጣ የፍሬንና የመሪ ሕመም

አንዲት መኪና ጋራዥ ገብታ ታክማ ከወጣች በኋላ ያው ሕመም በሳምንቱ ሲመለስባት፣ ባለቤቷ አስቀድሞ የሚያማው መካኒኩን ነው፤ ቀጥሎ የመለዋወጫውን ሻጭ ያማል፤ ከዚያም መኪናይቱን ይረግማል። ራሱን የሚጠይቀው ግን ከሁሉ በኋላ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ሄጄ፣ የሰባት ወር ጊዜና ብዙ ገንዘብ ካጠፋሁ በኋላ ያወቅሁትን ነገር፣ ቤተሰቡን በመኪና አሳፍሮ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ሁሉ ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ እነሆ ጻፍሁት።

መኪናይቱ ጋቢናዋ ባለ ሁለት ረድፍ፣ ኋላዋ ለጭነት የተከፈተ፣ ሰው ሁሉ ፒክአፕ የሚላት ዓይነት ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ በተባለው መኪናው ላይ የጭነት ሣጥን በፋብሪካው ገጥሞ በ281 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ብዙው ገበሬ ራሱ የኋላውን ወንበር ነቅሎ ሣጥን ያስገጥም ነበር። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ አውቶሞቢል ሰው ወጥቶ የሚደነቅበት ነገር ነበረ። ዛሬ ፒክአፕ ያለው ቤተሰብ ግን ጤፉንም፣ በጉንም፣ የሠርጉንም ድንኳን፣ የታመመውንም ዘመድ የሚጭነው በእርሷ ነው። የሚያሳስበውም ይኸው ነው፤ ባዶዋን ስትሄድና ተጭና ስትሄድ አንዲት መኪና አይደለችምና።

ሕመሙ የጀመረው ክረምቱ እንደ ወጣ ነበር። ጧት ስትነሣ ጤነኛ ናት። አንድ ሰዓት ያህል ከተነዳች በኋላ ግን የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ከፍ ብሎ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ መኪናይቱም አንድ ሰው ከኋላ የሚጎትታት ይመስል ትከብዳለች። ቆመን ስንወርድ የፊት ጎማዎች፣ ይልቁንም የቀኙ፣ እንደ ምጣድ ሞቀው የተቃጠለ ሽታ ይሸተናል። ጥቂት ካረፈች በኋላ ያለ መድኃኒት ትድናለች። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት፤ የፊቱን የፍሬን ሸራ ለወጡልኝና ዐሥራ አምስት ቀን ደኅና ሆነች። ሕመሙ ሲመለስ ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰድኋት፤ በቀኙ ጎማ በኩል ያለውን የፍሬን ፓምፕ ፈትተው ጎሚኒውን ለወጡት፤ አንድ ወር ደኅና ሆነች። ደግሞ ተመለሰባት። በሦስተኛው ጊዜ ሸራው ተበልቶ ብረቱ ዲስኩን ሲፍቀው ተገኘ። በየጊዜው አዲስ ዕቃ ይገባል፤ በየጊዜው ያረጀው ዕቃ በጨርቅ ተጠቅልሎ «ይኸው ጌታዬ፣ እንዲህ ሆኖ ነበር» እየተባለ ይሰጠኛል። እውነት ነው፣ እንዲያ ሆኖ ነበር። እንዲያ ያደረገውን ነገር የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በመሪው በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ነበረባት። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ አንድ ጎማዋ ጉድጓድ ወይም የድልድይ ጫፍ የመታ እንደ ሆነ፣ መሪው በእጅ ውስጥ እንደ ወንፊት ይርገፈገፋል፤ ፍጥነቷን እስክናበርድ ድረስም አይተውም። የጎማውን ሚዛን አስያዝሁ፤ የፊቱን ጎማ አቅጣጫ አስለካሁ፤ በመጨረሻም የመሪውን ንዝረት የሚያበርደውን ሾክ አብዞርበር አስለወጥሁ። ይህ የመጨረሻው ሁለት ወር ጸጥ አሰኛትና ዳንን ብለን ደስ አለን።

በዚህ ሁኔታ ሳለን፣ ከደብረ ሲና ወዲያ በይፋት አንድ የዘመድ ሠርግ ስለ ነበረን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን አሳፍሬ፣ በስተኋላም ሁለት በግና የመጠጥ ዕቃ ጭኜ ወጣሁ። በጣርማ በር ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው የሠሩትን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፔዳሉ እንደ ልማዱ ደርቆ መኪናይቱ ትከብድ ነበር። እኔም በሞኝነቴ፣ ቁልቁለት ነውና መክበዷ አይጎዳም፣ እንዲያውም ይረዳል ብዬ ዝም አልሁ። ጥቂት እንደ ሄድን ያ የደረቀው ፔዳል በድንገት ለሰለሰና እግሬን ተከትሎ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘ፣ ደግሞ ለቀቀ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ወደ አንደኛ አወረድሁ፤ ባለቤቴ የእጅ ፍሬኑን ይዛ ቀስ በቀስ ሳበች፤ በገደሉ ማዶ ካለው ከተራራው ግንብ ጋር የመኪናይቱን ጎን አስደግፈን አቆምናት። በሩ ተፋቀ፤ ከበጎቹም አንዱ ቀንዱ ተሰበረ። ከእኛ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት አንድ ሰው አልተጎዳም። ትንሹ ልጄ ማንም ሳያዝዘው ወርዶ ድንጋይ ተሸክሞ ከጎማው ሥር ሲያስገባ ባየሁት ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝና መንገዱ ዳር ተቀመጥሁ።

በኋላ የመጣ የካሚዮን ሾፌር ቆሞልን፣ ውሃ ልናፈስበት ስንል «በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም፤ ዲስኩ ይሰነጠቃል፤ አንድ ሰዓት ተቀመጡ» ብሎ ከለከለን። እንዳለውም ተቀመጥንና ፔዳሉ ሲመለስ በአንደኛ ማርሽ እየዳህን ደብረ ሲና ደረስን።

ፔዳሉ አስቀድሞ ደርቆ ኋላ ስለ ምን ለሰለሰ? ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ፍሬን የሩጫን ኃይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። 2500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1000 ሜትር ያህል ቁልቁል ስትወርድ ኃይሏ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ከ70 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ከፊሉንም ነፋሱ የሚቀበሉት እንደ ሆነ የተረፈውን ፍሬን ይችለዋል። ሾፌሩ በከፍተኛ ማርሽ ወይም ማርሽ አውጥቶ ሲወርድ ግን ዕዳው ሁሉ በአራቱ ጎማዎች ላይ ይወድቃል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ውሃን ከአየር የመጠጣት ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ሲደርስ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ በአዲስነቱ 230፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት እንደ ዘይት አይደለምና በተረገጠ ጊዜ ይታመቃል፤ እግርም ባዶ ነገር ይረግጣል። በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ዘይት ይለወጥ የሚባለው ስለዚህ ነው። በእኛ ላይ የደረሰውም፣ ያልተለቀቀው ፍሬን ሲፋቅ ሙቀቱን ጨምሮ ጨምሮ ዘይቱን ስላፈላው ነበረ።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ አንድ ዘመዳችን ከሥራ የወጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ እንዳሉ ነገረን። እኒህ ሰው በቤታችን ግቢ ተገኝተው መኪናይቱን ባዩ ጊዜ መሣሪያ አላወጡም፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ ተቀምጠው ጠየቁኝ እንጂ። መቼ ጀመራት? ከዚያ በፊት በነበረው ወር ምን ተደረገላት? ማን ነካት? ሞቃ ነው ወይስ ቀዝቅዛ የምትታመመው? ጭነት ሲኖር ይብስባታል ወይስ ያው ነው? ከእኔ ይልቅ ባለቤቴ ብዙውን ታስታውስ ነበርና የምትመልስላቸው እርሷ ነበረች። ቀጥሎም «ሕመሙ ሳይመጣ በሽተኛ አይመረመርም» ብለው አብረውኝ ተቀምጠው ፔዳሉ እስኪደርቅ ድረስ በከተማው ዙሪያ አስነዱኝ። ቀድሞ የሄድሁባቸው ጋራዦች ሁሉ መኪናይቱን የተቀበሉት ቀዝቅዛ ሳለች፣ ማለት ጤነኛ ሳለች ነበር።

ፍሬኑ እንደ ያዘ በሜዳ ላይ አቆምናትና በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነገር በዝርዝር እጽፋለሁ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነውና። ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው ፓምፕ ዘይቱን በቧንቧ ወደ አራቱ ጎማዎች ይገፋል፤ ሲለቀው ዘይቱ ይመለሳል። ፍሬን ተረግጦ ካልተለቀቀ፣ በአንድ ቦታ ዘይቱ መመለሻ አጥቶ ታስሯል ማለት ነው። የሚፈለገው የታሰረበት ቦታ ነው። ሽማግሌው ከፔዳሉ ጀምረው ወደ ጎማው እየሄዱ በር በር ከፈቱለት። መጀመሪያ ዋናውን ፓምፕ ፔዳሉን ከሚያግዘው ሰርቮ ጋር የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ጥቂት አላሉ። በዚህ ጊዜ ፍሬኑ ቢለቅ ኖሮ፣ ከሰርቮው ወደ ፓምፑ የሚገፋው ዘንግ ረዝሞ ፓምፑን ዘወትር በጥቂቱ ይረግጠዋል ማለት ነበረ። አልለቀቀም። ቀጥለው ከዋናው ፓምፕ የሚወጣውን ቧንቧ ዳዶ አላሉት፤ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣና ሁለቱም የፊት ጎማዎች በእጅ መዞር ጀመሩ። «እንግዲህ ዘይቱን አላስመልስ ያለው ዋናው ፓምፕ ነው፤ ጎማው ጥፋት የለበትም» አሉ። እዚያም ባይለቅ ኖሮ ከጎማው ቱቦ በፊት፣ ቀጥሎም ከቱቦው በኋላ፣ በመጨረሻም በጎማው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ይከፍቱ ነበር። ከቱቦው በፊት ሲከፈት የማይለቅ፣ ከቱቦው በኋላ ሲከፈት የሚለቅ ፍሬን፣ በውጭው ደኅና መስሎ በውስጡ ያበጠ ቱቦ አለበት። ማስወጫው ተከፍቶም ካልለቀቀ በጎማው ያለው ፒስተን ዝጎ ተጣብቋል፤ ወይም ሸራው በመቀመጫው ላይ አልንሸራተት ብሏል። ይህን ለማወቅ የፈጀው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። (በኋላ አየሩ እንደ ገና መውጣት ስላለበት ይህን ሥራ ሙያ የሌለው ሰው በራሱ ግቢ አይሞክረው።)

ከዚያም የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፈቱ። ከክዳኑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ውሃ እንደ ጠጣ ባቄላ አብጦና ተጨማዶ ወደ ቦታው አልመለስ አለ። እርሳቸውም ወደ ባለቤቴ ዘወር ብለው «እመቤቴ፣ አንድ ነጭ ስኒ ንጹሕ ውሃ ይስጡኝ» አሏት። በስኒው ላይ ከማጠራቀሚያው ዘይት ጥቂት አንጠበጠቡበት። የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ይዋሐዳል፤ እንደ ስኳር ሟሙቶ ይጠፋል። ይህ ግን በውሃው ፊት ላይ እንደ ወጥ ቅባት ክብ ክብ ሆኖ ተንሳፈፈ። «ማዕድን ዘይት ገብቶበታል» አሉ፤ «የሞተር ወይም የመሪ ዘይት።»

እኔ ዝም አልሁ። ባለቤቴ ግን ዝም አላለችም፤ «በመስከረም ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ፣ የፍሬኑ ዘይት ጎደለ ብለህ ከዚያ ከቀዩ ጠርሙስ አልጨመርህበትም?» አለችኝ። አዎን፣ ጨምሬበት ነበር። ዘይት ሁሉ ዘይት ነው ብዬ፣ ለመሪው የተገዛውን ዘይት ወደ ፍሬኑ አፍስሼ ነበር። በፍሬን ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች የተሠሩት ለፍሬን ዘይት ብቻ ስለ ሆነ፣ ማዕድን ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ። በዋናው ፓምፕ ያለው ጎሚኒ አብጦ ዘይቱ የሚመለስበትን ትንሽ ቀዳዳ ሸፈነው። መኪናይቱ ቀዝቅዛ ሳለች ጉዳቱ አይታወቅም፤ ስትሞቅ ግን ዘይቱ በሙቀት እየሰፋ መሄጃ ሲያጣ ራሱ ፍሬኑን ይረግጠዋል። ሁለተኛው ጋራዥ ያስገባው አዲስ ጎሚኒም ያው ዘይት በቧንቧው ውስጥ ስለ ቀረ በወሩ አበጠ። በከንቱ ያማኋቸውን ሰዎች በዚያ ሰዓት አሰብኋቸው። እነርሱም ቢሆኑ ክዳኑን ከፍተው ቢያዩ ያገኙት ነበር፤ ይህንንም ሳልናገር አላልፍም።

ደግሞ ሌላ የተማርሁት፣ የዘይቱ መጉደል ራሱ መልእክት መሆኑን ነው። ሸራ ሲበላ ፒስተኑ ወደ ፊት ይራመዳል፤ በስተኋላው የተተወውን ቦታ ዘይቱ ስለሚሞላው በማጠራቀሚያው ውስጥ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዘይቱ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ሸራው ነው፤ ሸራው አዲስ ሆኖ ሳለ ዘይቱ ከጎደለ ግን በአንድ ቦታ ይፈስሳል። የሚፈስስበት ቦታ በቧንቧዎቹ ላይ ካልተገኘ ከዋናው ፓምፕ ጀርባ ወደ ሰርቮው እየገባ ይሆናል፤ ይህን ከውጭ ማየት አይቻልም።

መድኃኒቱ ቀላል አልነበረም። ዘይቱ የነካው ጎማ ነክ ነገር ሁሉ፣ ማለት ዋናው ፓምፕ፣ የአራቱ ጎማዎች ጎሚኒዎች፣ ቱቦዎቹ፣ የክዳኑም ጎማ ተለወጠ፤ የብረቱ ቧንቧ ታጠበ፤ አዲስ ዘይት ገባ። አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው ገንዘብን መጣል ነው። ጎማ እንዳይታሰር የሚከለክለው ኤ ቢ ኤስ ያላት አዲስ መኪና ብትሆን ኖሮ፣ የዚያ መሣሪያ ውስጥም ጎማዎች ስላሉት ወጪው ምን ያህል ይሆን እንደ ነበረ ማሰብ አልወድም።

ሽማግሌው ይህን ከጨረሱ በኋላ «ገና ነው» አሉ። የፊቱ ሸራ ዘይቱ ከመሳሳቱም በፊት ቶሎ ቶሎ ያልቅ እንደ ነበር ከባለቤቴ ሰምተዋልና ወደ ኋላ ሄደው ከሥር ገቡ። በብዙ ፒክአፕ ላይ፣ በኋላው አክስልና በሻንሲው መካከል በዘንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ስለሚቀርብ ዘንጉ ቫልቩን ይከፍተዋል፤ የኋላው ፍሬንም ይበረታል። ባዶ ስትሆን ሻንሲው ከፍ ይላል፤ ቫልቩም የኋላውን ፍሬን ይቀንሰዋል፤ ቀላል ኋላ ሲረገጥ እንዳይንሸራተት ነው። ይህ እጅግ ብልህ የሆነ ሥራ ነው። እኛ ግን ከሁለት ዓመት በፊት እህል ለመጫን እንድትችል አንድ ባሌስትራ አስጨምረንባት ነበር። በዚህ ምክንያት ኋላዋ ተጭናም ከፍ እንዳለ ስለሚቀር፣ ቫልቩ ዘወትር ባዶ ናት ብሎ ያምናል። አምስት ኩንታል ጤፍ ጭነን ስንወርድ የኋላው ፍሬን እንደ ባዶ መኪና ይሠራል፤ ሸክሙን ሁሉ የፊቱ ብቻ ይችላል። የዘንጉ መያዣ በፋብሪካው ልክ እንደ ገና ተስተካከለ። ባሌስትራ ያስጨመረ አንባቢ ሁሉ ይህን ያስመርምር ዘንድ እለምነዋለሁ፤ በአገራችን ባሌስትራ ያላስጨመረ ፒክአፕ ጥቂት ነውና። የማወቂያውም ዘዴ ቀላል ነው፤ በሜዳ ላይ ተጭና ጥቂት ጊዜ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ወርዶ የእጅን ጀርባ ብረቱን ሳይነኩ ወደየጎማው ማስጠጋት ነው። የፊቱ ግሎ የኋላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ የኋላው ሥራ ፈቷል። የግራውና የቀኙ ሙቀትም የተለያየ ከሆነ ለብቻው ምክንያት አለው። በብዙ መኪና የኋላውን ሸራ እየተበላ ሲሄድ ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው የእጅ ፍሬን መሳብ ስለ ሆነ፣ የእጅ ፍሬን የመሳብ ልማድ የሌለው ሾፌር የኋላ ፍሬኑን ሳያውቅ ያጣዋል።

መሪው የተመረመረው በማግሥቱ ነው። ሽማግሌው ትልቋን ልጄን ከመሪው ላይ አስቀምጠው፣ ጎማዎቹ በመሬት ላይ እንዳሉ ሞተሩን አስነሥታ መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንድትመላልስ አዘዟት። እርሳቸው ከሥር ተኝተው፣ ከመሪው ሣጥን ጀምረው እስከ ጎማው ድረስ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ እጃቸውን እያሳረፉ ሄዱ። አንዱ ጫፍ ተነቃንቆ ሌላው የዘገየበት ቦታ በእጅ ይታወቃል። በዚህም ዘዴ በግራ በኩል የላላ አንድ መገጣጠሚያ ተገኘ። መኪናይቱ በክሪክ ተነሥታ ሳለች ይህን ማግኘት አይቻልም፤ ጎማው ከመሬት ከለቀቀ የሚታገለው የለምና ልልነቱ ይደበቃል።

ቀጥለው የፊቱን በክሪክ አንሥተው፣ ከሻንሲውም ሥር ጠንካራ ድጋፍ አስገብተው፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። ተነቃነቀ። ነገር ግን ይህ መነቃነቅ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ጎማው ከሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ወይም የእኛ እንዳለችው ባለ ወጥ አክስል በሆነች መኪና ላይ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከሚዞርበት ከላይኛውና ከታችኛው ኩሽኔታ። ለመለየት ልጄ የፍሬኑን ፔዳል ረግጣ እንድትይዝ ነገሯት። ፍሬን ሲረገጥ ጎማውና መያዣው አንድ ይሆናሉ፤ መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የመሽከርከሪያው ኩሽኔታ ነው። አልጠፋም። ሲፈታ በላይኛው ኩሽኔታ ግራሶው ጭቃ ሆኖ፣ ብረቱም በመስመር በመስመር ተቦርቡሮ ተገኘ፤ የጭቃ መከላከያው ጎማ ተቀድዶ ውሃ ገብቶበት ነበር። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የሚርገፈገፈው በዚህ ልልነት ምክንያት ነው። ያ ያስለወጥሁት ሾክ አብዞርበር ርግፍግፉን ዋጥ አደረገው እንጂ አላዳነውም፤ እርሱም ሲደክም ነገሩ እንደ ነበረ ታየ። የጎማውንም አቅጣጫ ማስለካቴ ከንቱ ነበር። መገጣጠሚያው ላልቶ ሳለ የተለካ ልክ ከጋራዡ በር ሲወጣ ይጠፋል። አስቀድሞ የላላው ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ይለካል። የፊት አክስላቸው ወጥ ላልሆነ፣ ለአዳዲሶቹ ፒክአፖች የመገጣጠሚያው ዓይነት ይለያል፤ ፍለጋው ግን ያው ነው።

ከሽማግሌው የሰማሁትንና ለሁሉ ዓይነት መኪና የሚሆነውን ጥቂት ልጨምር። መኪና ወደ አንድ ወገን ስትጎትት፣ ጥያቄው መቼ ነው የሚል ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ነገሩ የፍሬን ነው፤ ከኹለቱ አንዱ አልያዘም፤ ወይም በሸራው ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ፈስሶበታል። ዘወትር ከሆነ መጀመሪያ የጎማው ነፋስ ይለካ፤ ከዚያ የፊቱ ኹለት ጎማዎች ቦታ ይለዋወጡ። መጎተቱ ወገኑን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልለወጠ ፍሬኑ አልለቀቀ እንደ ሆነ ይታይ፤ የአቅጣጫው ልክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘብ የማይጠይቀውን ማስቀደም ነው።

ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ጠመመ ይባልና በማሽን ይላጫል፤ ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል፤ እንደ ገናም ይጀምራል። ዲስኩ በተቀመጠበት ብረት ላይ ትንሽ ዝገት ወይም አፈር ከቀረ፣ ወይም የጎማው ዳዶዎች አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ ከታሰሩ፣ ዲስኩ በዐይን የማይታይ ያህል ይወላገዳል። በዚህም ጊዜ ፍሬን ሳይያዝ እንኳ በየዙሩ አንድ ቦታው ሸራውን እየነካ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ስስና ወፍራም ይሆንና ይንቀጠቀጣል። የዚህ መድኃኒቱ የብረት ብሩሽና ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ፣ እኩል አድርጎ ማሰር ነው። በመንገድ ዳር ጎማ የሚለውጡ ልጆች በእግራቸው ቆመው በሙሉ ክብደታቸው አንዱን ዳዶ ሲያጠብቁ ባየሁ ቁጥር አሁን ወርጄ እለምናቸዋለሁ፤ ልጆቼ ያፍሩብኛል።

ሽማግሌው ለድካማቸው የጠየቁት ገንዘብ ከመጀመሪያው ጋራዥ ሒሳብ ያነሰ ነበር። በጥር ወር ያንኑ የጣርማ በርን መንገድ ዳግመኛ ወረድነው፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስት ጊዜ እየቆምንና የአራቱንም ጎማ ሙቀት በእጃችን ጀርባ እያየን። ፔዳሉ ከጧት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ነበር። በመኪናው መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የዘይት ጠርሙሶች በተመለከተ፣ ባለቤቴ በመሪው ዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ ወፍራም ጥቁር ክር አስራበታለች፤ በፍሬኑ ዘይት ላይ ደግሞ ቀይ ክር ካሰረችበት በኋላ ቁልፉን ከእኔ ወስዳ ከራሷ ዘንድ አኑራዋለች።